የሳንቲም መጽሔቱን ላድስ ወይስ ይብቃኝ?

የጠገራ ልጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

ሰባት ዓመት ሙሉ ሳላቋርጥ የሚመጣልኝ የሳንቲም መጽሔት አለ። እዚሁ አሜሪካ የሚታተም ነው። ሰኞ ዕለት የእድሳት ደብዳቤው መጣ። ዋጋው ካምናው ጨምሯል። መጽሔቱ ግን ከስቷል። የመጀመሪያውን ዓመት እትም ከዘንድሮው ጎን አስቀምጬ አየሁት። የዘንድሮው የዚያን ግማሽ አያክልም። ባለቤቴም ክምሩ ሳሎኑን እያጣበበ ነው ትላለች። እውነቷን ነው።

እኔ የምሰበስበው የአገራችንን ነው። ከጠገራ ብር (የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ካለበት የድሮ የብር ገንዘብ) እስከ 2002ቱ ባለ ሁለት ቀለም አንድ ብር ድረስ። የአሜሪካ ሳንቲም ብዙም አልይዝም። ስለዚህ ትናንት ማታ ያለፈውን ዓመት እትሞች በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኳቸው። አንድ በአንድ ገለጥኳቸው። ከልቤ ባነበብኩት ጽሑፍ ላይ ቢጫ ወረቀት ለጠፍኩ።

ከእያንዳንዱ እትም ሲሶ ያህሉ የዋጋ ሰንጠረዥ ነው። እዚያ ላይ አንድም ቢጫ ወረቀት የለም። ሌላው ሲሶ ማስታወቂያ ነው። ከተረፈው አብዛኛው ሞርጋን ዶላር ስለሚሉት የድሮ የአሜሪካ የብር ሳንቲም ወሬ ነው። በዓመቱ የለጠፍኩት ቢጫ ወረቀት ዘጠኝ ብቻ ሆነ። ኢትዮጵያ በስሟ የተነሳችው በአንድ ጽሑፍ ነው። እሱም ስህተት ነበረበት።

ግን እነዚያን ዘጠኙን መልሼ ሳነብ ልቤ ተከፈለ። አንዱንም ፈልጌ አይደለም ያገኘሁት። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር። ስልኬ ላይ የምጽፈውን ነው ስልኬ የሚመልስልኝ። መጽሔቱ ግን ያልጠየቅሁትን ያመጣልኛል።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? በተለይ ደንበኝነታችሁን ያቋረጣችሁ ካላችሁ፣ በኋላ ቆጫችሁ?

---

ሜርኩሪ (ሲያትል)

ወንድሜ፣ ተወው። እኔ ከሦስት ዓመት በፊት አቁሜያለሁ። አልቆጨኝም።

የታተመ ዋጋ እጅህ ሲገባ አርጅቷል። የብር ማዕድን ዋጋ እንደዚህ በሚወጣበትና በሚወርድበት ጊዜማ ምን ይረባሃል? ጠገራህን ውሰድ። 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል። ንጽህናው ከሺህ 833 ነው። ስለዚህ ወደ 23.4 ግራም ንጹሕ ብር አለው። የዕለቱን የብር ዋጋ ስልክህ ላይ አይተህ ማባዛት ነው። የምኒልክ ብርም ያው ነው፣ 835 ሆኖ ትንሽ ከፍ ይላል። ከዚያ በላይ ያለውን ሰብሳቢው የሚጨምርበትን ዋጋ ለማወቅ፣ የተሸጡ ዕቃዎችን በጨረታ ገጾች ላይ ማየት ይበልጣል። ልብ በል፣ የተሸጡትን ነው የምልህ። ሻጩ የጠየቀው ዋጋ ምንም አይነግርህም።

የሳንቲሙ መለያ ቁጥርም ቢሆን፣ የካታሎግ አዘጋጆቹ ክራውስና ሚሽለር የሰጡት «ኬኤም» ቁጥር ኑሚስታ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻ አለ።

የመጽሔቱን ብር አጠራቅምና በዓመት አንድ ጥሩ ሳንቲም ግዛበት።

---

ሳንቲም ጀማሪ (ሐዋሳ)

ይቅርታ ከርዕሱ ልውጣ። ቤት ውስጥ የ1969 ዓ.ም. አምስት ሳንቲም ብዙ አለን። ቲክቶክ ላይ አንዱ በሺዎች ይሸጣል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

---

ሜርኩሪ (ሲያትል)

አይደለም ወንድሜ። ወታደሩ ያለበት አምስት ሳንቲም በጣም በብዛት ነው የተመታው። ማንም እንዳያታልልህ፣ ቅድሚያ ክፈል የሚልህ ካለም እንዳትከፍል። ግን አትጣለው። ያላገለገለ፣ ብርሃኑ ያልጠፋ ካገኘህ ለይተህ አስቀምጠው። እንዳታጥበው ብቻ፣ በሎሚም በአመድም።

---

የአያቴ ድሪ (ፍራንክፈርት)

የጠገራ ልጅ፣ እኔ ከሜርኩሪ ጋር አልስማማም። ረዘም ካለብኝ ይቅርታ አድርጉልኝ።

አያቴ አንገቷ ላይ የምታደርገው ድሪ ነበራት፣ መሀሉ ላይ ጠገራ ብር ያለበት። ስትሞት ለእናቴ፣ ከእናቴ ለእኔ ደረሰ። አናቱ ላይ አንጥረኛ የበየደው ማንጠልጠያ አለ። ለሰብሳቢ ዋጋው ይወርዳል ይሉኛል። ለእኔ ይህ ምንም አይደለም። ግን እሱ ነው ወደዚህ ያስገባኝ።

ከዚያ ጠገራ ማሳደድ ጀመርኩ። እሑድ እሑድ በሚቆም የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ከአንድ ሰውዬ አራት ገዛሁ። ተደሰትኩ። ሁሉም ላይ 1780 አለ። ሁሉም ላይ ከንግሥቲቱ ምስል ሥር «ኤስ ኤፍ» የሚሉት ፊደሎች አሉ። በቃ ደህና ናቸው አልኩ።

አንድ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ፣ አንድ የሳንቲም ወዳጅ ያነበበውን መጽሔት ሰጠኝ። እዚያ ውስጥ ስለ ጠገራ ብር ዳር ሦስት ገጽ ጽሑፍ አገኘሁ። ስለ ፊቱ አይደለም የምላችሁ፣ ስለ ዳሩ ብቻ። ዙሪያውን በላቲን «ፍትሕና ምሕረት» የሚል ጽሑፍ በጌጥ ታጅቦ ይዞራል። እኔ በሕይወቴ ሳንቲም በጎኑ አቁሜ አይቼ አላውቅም ነበር። ፎቶው አንዱን ፊደል በጥፍር ልክ አጉልቶ አሳይቷል። የተመታው ሳንቲም ላይ ፊደሉ ስል ነው። ቀልጦ በቅርጽ የተፈሰሰው ላይ ደግሞ ድልዝ ነው፣ ሳሙና ላይ የተጻፈ ይመስላል። አንዳንዴም ሁለቱ ቅርጾች የተገጠሙበት ቀጭን መስመር ይታያል።

አራቱን አወጣኋቸው። መብራት ሥር በጎናቸው አዟዟርኳቸው። ሦስቱ ደህና ናቸው። አራተኛው ዳሩ ላይ መስመር አለው። የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፣ 26 ግራም እንኳ አልሞላም። ፎርጅድ ነበር።

አሁን የምላችሁ ምን መሰላችሁ? «የጠገራ ብር ዳር» ብዬ ኢንተርኔት ላይ መጻፍ እንዴት ይመጣልኛል? ዳር መታየት እንዳለበት ካላወቅሁ ምን ብዬ እጠይቃለሁ? አያቶቻችን ግን ያውቁ ነበር። ገበያ ላይ ዘውዷንና የትከሻዋን ሉሎች ሳያዩ፣ ሳያንኳኩ አይቀበሉም ነበር። ያ ዐይን ከእኛ ጠፍቷል። መልሶ የሚያስተምረን ሰው ያስፈልገናል።

በነገራችን ላይ፣ 1780 የሚለው ዓመት ራሱ ስንቱን ያሳስታል። ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዞ ነው የሚወጣው። ሙሶሊኒ በ1935 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ፣ የመምቻውን ቅርጽ ከቪየና ወስዶ ሮም ላይ አስመታ። ወዲያው ለንደንም መምታት ጀመረች። ቪየና ዛሬም ትመታለች። የማን እጅ እንደሆነ የሚለየው በጥቃቅን ነገር ነው፣ በሉሎቹና በጀርባው ባለው ንስር የጅራት ላባዎች። ይህንን ሁሉ ከመጽሔትና ከመጻሕፍት ነው የለቀምኩት።

የዋጋ ሰንጠረዡን በተመለከተ ሜርኩሪ ልክ ነው። እሱን ቀድጄ እጥለዋለሁ።

---

ሜርኩሪ (ሲያትል)

እህቴ፣ ያነበብሽውን መጽሔት ግን አልገዛሽውም። ሰው ነው የሰጠሽ። ስለዚህ ጥያቄው መጽሔት ይጠቅማል ወይ አይደለም። በየዓመቱ መክፈል ያስፈልጋል ወይ ነው።

ኒውማን ኒውሚዝማቲክ ፖርታል የሚባል አለ። በሴንት ሉዊስ ካለው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጋር ነው የሚሠራው። አሮጌ የጨረታ ካታሎጎችና የሳንቲም ኅትመቶች በብዙ ሺህ ተቀድተው ተቀምጠዋል። በነጻ ነው። ቃል ጽፈሽ መፈለግ ይቻላል። እኔ «ምኒልክ» የሚለውን በላቲን ፊደል በተለያየ አጻጻፍ እየጻፍኩ ስንት ሌሊት አድሬበታለሁ። አጻጻፉን መለዋወጥ አትርሱ። ድሮ እያንዳንዱ ፈረንጅ በራሱ መንገድ ነበር የሚጽፈው።

ዳሩን ስለማየት ያልሽው ግን ገብቶኛል። እኔም የራሴን ዛሬ ማታ አወጣቸዋለሁ።

---

ጋሽ ሽልንግ (ፒያሳ፣ አዲስ አበባ)

ልጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። የምትጽፉትን በጽሞና አነባለሁ። ዐይኔ ስለደከመ የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ።

እኔ በሕይወቴ የመጽሔት ደንበኛ ሆኜ አላውቅም። ከዚህ ሆኖ በዶላር መክፈል ቀላል አይደለም። የሚደርሰኝ ከውጭ የሚመጣ ሰው ሻንጣው ውስጥ ጨምሮ ሲያመጣልኝ ብቻ ነው። አንድ መጽሔት ሲመጣ ለአራት ሰው ነው የሚደርሰው። መጀመሪያ እኔ አነባለሁ። ከዚያ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። ከሳቸው አንድ ሰዓት ሠሪ ይወስደዋል። መጨረሻ ላይ ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይደርሳል። እሱ ልጅ እንግሊዝኛው ጎበዝ ስለሆነ ያልገባንን ያስረዳናል። መጽሔቱ ወደ እኔ ሲመለስ ጠርዙ ሁሉ በእርሳስ ተሞልቷል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። የጃንሆይ የ1936 ሳንቲሞች ሲወጡ ሃያ አምስቱ፣ ስሙኒው፣ መጀመሪያ ድፍን ክብ ነበር። መዳብ ነው። ሃምሳው፣ ሽልንጉ፣ ደግሞ ብር ነው። በስፋት ይቀራረባሉ። አባቴ ይነግሩኝ ነበር፣ ስሙኒውን ነጭ ቀብተው በሽልንግ የሚያስተላልፉ ሰዎች ነበሩ። ሌሊት በፋኖስ ማን ይለየዋል? ከዚያ ክቡ ተነሳ። ዳሩ እንደ አበባ ተሸንሽኖ ወጣ። እኔ ልጅ ሆኜ የማውቀው ያንን ሽንሽኑን ነው። በጣት ብቻ ይለያል፣ ኪስ ውስጥ እንዳለ።

ይህንን የአባቴን ወሬ ለዓመታት ስናገር ማንም አላመነኝም። አንድ ቀን ሻንጣ ውስጥ የመጣ አሮጌ መጽሔት ላይ ያው ታሪክ ተጽፎ፣ ክቡም ሽንሽኑም ጎን ለጎን ፎቶ ተነስተው አገኘሁ። ያን ቀን አባቴ አጠገቤ የተቀመጡ መሰለኝ። መጽሔቱን እስካሁን አለኝ። እሱን ለማንም አላውስም።

ሌላው ደግሞ የሚያመኝ ነገር አለ። እነዚሁ መጽሔቶች ማስታወቂያ ገጽ ላይ የአክሱም ሳንቲም ይሸጣል። ከእንዱቢስ ጀምሮ ነገሥታቱ ስማቸውን ያስመቱበት ነው። ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል ጨረቃውን አንስቶ መስቀል ያደረገበት ነው። ክረምት ሲወጣ ከእርሻ መሬት ብቅ ይላል፣ ገበሬው ያነሳዋል፣ ከዚያ የት እንደሚገባ አናውቅም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። እባካችሁ፣ ከየት እንደወጣ የማይታወቅ የአክሱም ሳንቲም አትግዙ።

የጠገራ ልጅ፣ ብታቆምም ባታቆምም ክምሩን እንዳትጥለው። አደራ።

---

ኮሎራዶ ተራራው (አውሮራ)

ማንም ያላነሳው ነገር ስላለ ነው የገባሁት። መጽሔት ሁሉ አንድ አይደለም። ለንግድ የሚታተም አለ፣ የማኅበር ልሳን የሆነም አለ።

የአሜሪካ ሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1891 የተመሠረተ ነው። ልሳኑ ደግሞ ከማኅበሩ ይቀድማል፣ ከ1888 ጀምሮ ይታተማል። አባል ስትሆን የምትከፍለው ለመጽሔቱ ብቻ አይደለም። ከ1888 ወዲህ ያለውን እትም በሙሉ በኢንተርኔት ትከፍታለህ። ከዚያ በላይ ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱ አለ። መጽሐፍ በፖስታ ያውሱሃል፣ የመላኪያውን ብቻ ትከፍላለህ። ገበያ ላይ በመቶዎች ዶላር የሚጠየቅበትን የኢትዮጵያ ሳንቲም መጽሐፍ አንብቦ መመለስ ማለት ነው። አባልነቱ በስክሪን ብቻ የሚነበብበት ርካሹ አለ፣ ወረቀቱ ቤት የሚመጣበትም አለ።

ዋና ጽሕፈት ቤታቸው ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ነው። እኛ የአውሮራ ሐበሾች በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቀንም። ሙዚየምም አላቸው። ልጆቼን ይዤ ሄጃለሁ። ትልቋ ልጄ አንድ መስታወት ፊት ቆማ አልሄድም አለች። በሚቀጥለው ሳምንት የራሷን ማስቀመጫ አልበም አስገዛችኝ።

---

የጠገራ ልጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለዚያ ስህተት ልንገራችሁ ብዬ ነበር። ውሳኔዬን ያከበደብኝ እሱ ነው።

ባለፈው ኖቬምበር 2025 ፊላደልፊያ ላይ የመጨረሻው የመገበያያ ፔኒ ተመታ። መጽሔቱ ያንን ምክንያት አድርጎ ስለ ፊላደልፊያ ሳንቲም ማተሚያ ሰፊ ጽሑፍ አወጣ። መሀል ላይ አንድ አንቀጽ አለ፣ አሜሪካ ለሌሎች አገሮች ስለመታቻቸው ሳንቲሞች። እዚያ ውስጥ ኢትዮጵያ አለች። የጃንሆይ ሳንቲሞች ፊላደልፊያ ላይ ተመትተዋል ይላል። እኔ እዚህ አገር ስንት ዓመት ኖሬ ይህንን አላውቅም ነበር። ፊላደልፊያ ከእኔ ቤት የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ስንት ጊዜ አልፌባታለሁ። ወዲያው ተነስቼ ከመሳቢያ አምስት ሳንቲሜን አወጣሁ። ከአዲስ አበባ በእናቴ ቦርሳ ተሸጉጦ የመጣ ነው። ተወልዶበት ወደነበረው አገር ተመልሶ መጥቷል ማለት ነው።

ስህተቱ ከፎቶው ግርጌ ነው። «1936፣ ጣሊያን ኢትዮጵያን የያዘበት ዓመት» ብለው ጽፈዋል። ሳንቲሙ ላይ ያለው ፲፱፻፴፮ ነው። ቁጥሩን ማንበብ ችለዋል፣ ጎበዞች። ግን የእኛ አቆጣጠር መሆኑን ረስተዋል። በእነሱ 1936 ጃንሆይ ተሰደው እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ገቡ። አዲስ አበባ ጣሊያን እጅ ወደቀች። የሳቸው መልክ ያለበት ሳንቲም እንዴት ይመታል? የእኛ 1936 ከነጻነት በኋላ ነው፣ በእነሱ 1944 አካባቢ። ይህ ለእኔ ትንሽ ስህተት አይደለም። ሳንቲሙ የነጻነት ሳንቲም ነው። ስምንት ዓመት ወደኋላ ሲወስዱት ትርጉሙን ሁሉ ገለበጡት።

ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁለት ገጽ። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ፈታሁላቸው፣ ፲ አሥር ነው፣ ፱ ዘጠኝ ነው፣ ፻ መቶ ነው እያልኩ። ሁለት እትም ካለፈ በኋላ ማረሚያው ወጣ። የግዕዝ ቁጥር ሰንጠረዥም አብረው አተሙ። ገጹን ሳየው እጄ ተንቀጠቀጠ።

ፌስቡክ ላይ ያንኑ ስህተት በየሳምንቱ አያለሁ። አርማለሁ። በማግስቱ ሌላ ሰው ደግሞ ይለጥፈዋል። መጽሔቱ ላይ ግን የሚያነብልህ አዘጋጅ አለ። የታረመው ታርሞ ይቀመጣል። የዛሬ ሃምሳ ዓመት የሚፈልግ ሰው ማረሚያውን ያገኘዋል። ለዚህ መክፈል እፈልጋለሁ። ለዋጋ ሰንጠረዡ ግን አልከፍልም።

---

የአያቴ ድሪ (ፍራንክፈርት)

እልልል! ያንን ገጽ ፎቶ አንስተህ ለጥፍልን እንጂ።

---

ሜርኩሪ (ሲያትል)

እኔም አንድ ነገር ላምጣ። ትናንት ማታ ጠገራዎቼን በጎናቸው አየኋቸው። ስድስት ናቸው። ስድስቱም ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን እስከዛሬ አላየሁም ነበር። የአያቴ ድሪ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

የጠገራ ልጅ፣ ሐሳቤን ትንሽ ላሻሽል። ይህን የንግዱን ተወው። ብሩን ኮሎራዶ ተራራው ወዳለው ማኅበር አዙረው። እዚያም አዘጋጅ አለ፣ እዚያም ደብዳቤ ይታተማል። አንተ ደግሞ የምትጽፈው አለህ። ስለ ጋሽ ሽልንግ ስሙኒ ማን ይጽፋል፣ አንተ ካልጻፍክ?

---

የጠገራ ልጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ወስኛለሁ። የድሮውን አላድስም። ዛሬ ጠዋት ለማኅበሩ አባልነት ከፈልኩ። በስክሪን ብቻ የሚለውን ልመርጥ ነበር፣ በዋጋም ይሻለኝ ነበር። ግን ጋሽ ሽልንግ ትዝ አሉኝ። ወረቀቱ የሚመጣበትን ወሰድኩ። እኔ ካነበብኩት በኋላ ወደ እርስዎ ይመጣል፣ ጋሼ። ዘጠኙን ቢጫ ወረቀት የለጠፍኩባቸውን ገጾች ስካን አድርጌያለሁ፣ እነሱ እዚህ ይቀሩኛል።

ክምሩን መዘንኩት፣ የሰባቱን ዓመት። የዋጋ ሰንጠረዡን ገነጣጥዬ ካወጣሁ በኋላ 19 ኪሎ ሆነ። እህቴ ለፋሲካ ወደ አዲስ አበባ ትሄዳለች። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ይፈቀድላታል። አንዱን ለእኔ ለቃልኛለች። ስልክዎን በግል መልእክት ይላኩልኝ፣ ትደውልልዎታለች።

ስለ ስሙኒውም በደንብ መጻፍ እፈልጋለሁ። ከአባትዎ የሰሙትን እንደሰሙት ይንገሩኝ። የልጅ ልጅዎ ድምፅዎን ቀድቶ ቢልክልኝ ደስ ይለኛል።

---

ጋሽ ሽልንግ (ፒያሳ፣ አዲስ አበባ)

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜ ይስጥህ። ለመምህሩም ለሰዓት ሠሪውም ነግሬያቸዋለሁ። ልጁ ደግሞ እርሳስ እየቀረጸ ነው።

ድምፄን ቅዳሜ እናስቀዳለን። አንድ ልመና አለኝ። ሻንጣው ሲታሰር ያቺን ስለ ፊላደልፊያ የጻፈችውን እትም ከላይ አድርጋት። ሻንጣው ሲከፈት መጀመሪያ እሷን ልያት። አምስት ሳንቲም እኔም አለኝ፣ የእኔም ከዚያ መጥቶ እንደሆነ ጎን ለጎን አድርጌ ላየው።